ያልተጎነጎነው ጉንጉን

በአዲስ አበባ የክርስቲያን ቀብር ላይ የሚቀመጠው የአበባ ጉንጉን ሁለት ዓይነት ፈራጅ አለው። አንደኛው «የፈረንጅ ልማድ ነው፤ ለሞተ ሰው አበባ ምን ያደርግለታል? ገንዘቡ ለልጆቹ በተሰጠ!» ይላል። ሁለተኛው «የክብር ምልክት ነው» ብሎ ይሟገትለታል። ሁለቱም የሚፈርዱት ጉንጉኑን ቀርበው ሳያዩ ነው። እንዴት ተሠራ? በምን ታሰረ? ከሟቹ ምን ያህል ርቆ ቆመ? የማን ስም ተጻፈበት? ይህ ዳሰሳ እነዚህን ጥያቄዎች ያነሣል። ማነጻጸሪያው ሂንዱዎችና ሲኮች ሙታናቸውን የሚሸኙበት፣ ሙሽሮቻቸውንና እንግዶቻቸውንም የሚያከብሩበት «ማላ» የተባለው የአበባ ሐብል ነው።

ንጽጽሩ ቴዎድሮስ አደባባይን ለሚያውቅ ሰው ከሩቅ የመጣ አይደለም። አደባባዩ ላይ የሴባስቶፖል አምሳያ ቆሟል፤ ዋናው መድፍ ያለው መቅደላ ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላን የከበበው የጄኔራል ናፒየር ጦር ከቦምቤይ የተነሣ ነበር። 44 ዝሆኖች ይዞ የመጣ ሲሆን በእሮጌው ውጊያ ከተሰለፉት መካከል የፑንጃብ ሲኮች ይገኙበታል። ከአደባባዩ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ለሚወጣ ሰው ደግሞ በማኅተመ ጋንዲ ስም የተሰየመ ጎዳና አለ። አራዳ የህንድ ነጋዴዎችን፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ትምህርት ቤቶችም የህንድ መምህራንን ያውቃሉ። ከእነርሱ ጨርቅ ገዝተናል፤ ሒሳብ ተምረናል። ሙታናቸውን እንዴት እንደሚሸኙ ግን ብዙም አልጠየቅናቸውም።

የማላው ሙያ ከክር ይጀምራል። በሰሜን ህንድ «ጌንዳ» የሚባለው ብርቱካናማ አበባ ከነአንገቱ ይቀነጠስና መርፌ በመቀመጫው በኩል ገብቶ በመሐሉ ይወጣል። አበባ ባበባ ላይ እየተደገፈ ክሩ እስኪጠፋ ድረስ ይሞላል። በደቡብ ህንድ ጃስሚን የሚሠራው ያለ መርፌ ነው። ሠሪው እምቡጦቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይይዝና የጥጥ ክር ወይም የሙዝ ግንድ ጭረት በጣቱ እያዞረ አንገታቸው ላይ ይቋጥራል። አንዱ ቋጠሮ የሚቀጥለውን ይይዘዋል። ከላላ አበባው ይረግፋል፤ ከጠበቀም ልስልሱ አንገት ይቆረጣል። ልኩን የሚያውቀው ጣት ብቻ ነው። ይህን ሥራ በአማርኛ ለመግለጽ «ጎነጎነ» ከሚለው ግሥ የተሻለ አላገኘሁም። የእኛ ሹሩባ ሠሪ የምታውቀው ልክም ይኸው ነው፤ እጇ ሲላላ ጉንጉኑ ይፈታል፣ ሲከር ራስ ያማል።

ማላው የሚያርፈው ሟቹ አንገትና ደረት ላይ ነው። ሥጋን ይነካል። ከዚያም አብሮ ወደ እሳቱ ይሄዳል። በኋላ ፎቶግራፉ ላይ የሚንጠለጠለውም ሲጠወልግ በሌላ ይተካል እንጂ እንዲቆይ አይደረግም። ሲኮች ከዚህም ጠበቅ ያለ ሥርዓት አላቸው፤ የሥነ ምግባር ደንባቸው ደረት እየደቁ ማልቀስንም፣ አስከሬኑ በተቃጠለበት ቦታ ሐውልት ማቆምንም ይከለክላል። ስለ ጉሩ ናናክ ዕረፍት የሚተርኩት ታሪክ ግን በአበባ የተሞላ ነው። በ1539 እ.ኤ.አ. ሂንዱዎች «እናቃጥለው»፣ ሙስሊሞች «እንቅበረው» ብለው ሲከራከሩ፣ ጉሩው ሁለቱም ወገኖች በግራና በቀኝ አበባ እንዲያኖሩ፣ የማን አበባ ሳይጠወልግ እንደሚያድርም እንዲያዩ አዘዙ። ሲነጋ ግምጃው ሲገለጥ አስከሬኑ የለም፤ የሁለቱም አበባ ግን ትኩስ ነበር ይባላል። በዚህ ትረካ አበባው ክርክሩን የዘጋው የማንም ስም ሳይጻፍበት ነው።

አሁን ወደ እኛው ጉንጉን እንመለስ። ክብ ሽቦ ይታጠፋል፤ ቅጠል በቀጭን ሽቦ ይታሰርበታል፤ በቅጠሉ ላይ አበባ ይሰካል፤ ከኋላ እግር ይሠራለትና ይቆማል። ጉንጉን ይባል እንጂ አንዳችም የተጎነጎነ ነገር የለበትም። ስሙ የእጅ ሥራ ቃል ይገባል፤ ዕቃው ቃሉን አይጠብቅም። ቅርጹ የተሠራው ለዓይን ስለሆነ ፊት እንጂ ጀርባ የለውም። ከሬሳው ፊት ይሄዳል እንጂ ሬሳውን አይነካም። የፕላስቲክ አበባ ሲገባበት ደግሞ የመጨረሻው ትርጉሙ ይጠፋል። የማይጠወልግ አበባ ስለ ሞት ምን ሊናገር ይችላል?

ከሁሉ የከበደው ጉድለት ግን ሪባኑ ነው፤ በዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጉንጉኑን አቋርጦ የሚወርደው ሪባን ብዙ ጊዜ «ነፍስ ይማር» ይልና «ከባልደረቦችህ»፣ «ከእገሌ ቤተሰብ»፣ «ከእገሌ ድርጅት» ብሎ ያበቃል። ደማቁ ፊደል የላኪው ነው። ቀብርተኛው ዓይኑን ሲያነሣ የሚያነበው ማን እንደ ሞተ ሳይሆን ማን እንደ ላከ ነው። ሙሾ አውራጅዋ የምታደርገውን እናስታውስ። ሟቹን በስሙ ትጠራዋለች፤ አባቱን ታነሣለች፤ ሥራውን፣ ቁመናውን፣ ቸርነቱን ትቆጥራለች፤ የራሷን ስም አንድም ጊዜ አትጠራም። በከተማው ሙሾው እየሳሳ ሪባኑ ቦታውን ሲይዝ ሥርዓቱ ከባለቤቱ እጅ ወጥቷል። የየካቲት 23 ጉንጉን በአራዳ የምኒልክ ሐውልት ሥር ሲቀመጥም ይኸው ይታያል። አስቀማጩ ጎንበስ ብሎ ሪባኑን በእጁ ያቃናል። እጁ አበባውን አይነካም፤ የሚያቃናው ጽሑፉን ነው።

ይህን ስል የሪባኑን ሌላ ፊት መሸሸግ አልፈልግም። ከአገሩ ርቆ ከተማ የኖረ ሰው ሲሞት ዘመድ ላይደርስለት ይችላል። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አዋጥተው ጉንጉን ይዘው ይመጣሉ። ያቺ «ከባልደረቦችህ» የምትል ቃል ያን ጊዜ «ብቻህን አልነበርክም» ማለት ናት። የእኛ ለቅሶ ሁልጊዜም በመገኘት የቆመ ነው፤ ቀብር ሳይደርስ የቀረ ሰው ለቅሶ ይደርሳል፤ ለቅሶም ካለፈው ሰባት ዓመት ቆይቶም ቢሆን ይጠየቅበታል። ሪባኑ ይህን መገኘት በጽሑፍ ለማስቀመጥ የሞከረ፣ በቅን ልብ የተጀመረ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። የምነቅፈው ሐሳቡን ሳይሆን አሠራሩን ነው።

«የፈረንጅ ነው» የሚለው ክስ ግን ጨርሶ አያስኬድም። ከህንድ የማይለይ የሚመስለው ጌንዳ ራሱ የሜክሲኮ ተወላጅ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ የህንዶችን ሙታን አንገት ያዘ፤ በትውልድ አገሩም ሜክሲኮዎች በሙታን ቀን መቃብር ያለብሱታል። የውጭ ነገር የራስ የሚሆነው የራስ እጅ ሲገባበት ነው። የእኛ ጉንጉን ችግር እጃችን አለመግባቱ ነው።

እጁ ግን አለን። በሆሳዕና ዕለት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዘንባባው ተጎንጉኖ ቀለበትና መስቀል ይሆናል፤ ራስ ላይ ይታሰራል። በቅዳም ሹር ካህናቱ ቄጠማ ያድላሉ፤ ምእመኑም ጌታ በመቃብር ባለበት ዕለት ራሱ ላይ ያስረዋል። ከሞትና ከትንሣኤ ጋር የተያያዘ የራስ ጉንጉን ከዚህ በላይ ከየት ይምጣ? በጎጃም ልጃገረዶች በዓመቱ መዝጊያ እንግጫ ነቅለው፣ ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነው ለወላጆቻቸው ራስና ለቤቱ ምሰሶ ያስራሉ፤ የደመራ ዕለት ወደ ደመራው ይጣላል። ስም አልተጻፈበትም፤ ወቅቱን ጠብቆ መጣ፤ በእሳት ተሸኘ። ከማላው ጋር ያለው ዝምድና ከፈረንጁ ክብ ሽቦ ይልቅ የቀረበ ነው። ማተባችንስ? በጥምቀት ቀን አንገት ላይ የታሰረ የተገመደ ክር እስከ መቃብር አብሮ ይወርዳል። አንገትን የሚነካ፣ ከባለቤቱ የማይለይ፣ የሰጪው ስም የሌለበት። እኔ ማተብን የእኛ ማላ ብዬ ብጠራው አላፍርም።

በከረን፣ በ1933 ዓ.ም. ጦርነት ለሞቱና እንደ እምነታቸው አስከሬናቸው ለተቃጠለ 285 የሂንዱና የሲክ ወታደሮች የቆመ መታሰቢያ አለ። የሚያስታውሰው እነርሱን ነው፤ ሽኝታቸው ላይ የተገኘውን ሹም ሳይሆን። የእኛም ሪባን ይህን ቢማር ይበቃዋል፤ የሟቹን ስም ይጻፍ፣ የላኪው ስም በእድሩ መዝገብ ይቅር። ሽቦውም ይውጣ። ለሆሳዕና ዘንባባ የሚጎነጉኑት እጆች ለቀብርም ይጠሩ፤ የጎነጎኑት አፈሩ ከመመለሱ በፊት ሣጥኑ ላይ ይረፍ፣ ከሟቹም ጋር ይውረድ።