ጠገራ ብር በሙዳይ

ዘመሮም ሆነ ሌላ የመንዝ ቦታ ጠገራ ብር ከአሮጌ ሙዳይ ሲወጣ፣ ከብሩ ይልቅ አቀማመጡን አደንቃለሁ። በላዩ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት ያለበት፣ 28 ግራም የሚመዝን ማርያ ትሬዛ በጥጥ እራፊ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። መንዝ የበግ አገር ስለሆነች የሱፍ ባና ቅርብ ነበር፤ ሱፍ ግን ድኝ ስላለው ብርን ያጠቁራል። ጥጥ አያጠቁርም፣ ብሮቹም እንዳይፋጩ ይለያያቸዋል።

ከሁሉ የምወደው ግን በአመድ አለመፈግፈጋቸውን ነው። ቢፈገፈጉ በንግሥት ማርያ ትሬዛ ምስል ደረት ጌጥ ላይ ያሉት፣ የጥንት ነጋዴዎች የብሩን ትክክለኛነት ለማረጋገጥ ይቆጥሯቸው የነበሩት ዕንቁዎች ይደመሰሳሉ። ዛሬ ሰብሳቢው በገዛው የፒቪሲ ከረጢት ውስጥ ሣንቲሙ አረንጓዴ ዝቃጭ ይይዛል፤ ክዳን ያለው ሙዳይ ከዚያ እጅግ ይሻላል፣ ከጭስና ከእርጥበት እስከራቀ ድረስ።