በገናው በእልፍኝ፥ መሰንቆው በደጅ

በሰቆጣም ሆነ በቀረው በዋግ ኽምራ ደጋ ሠርግ ሲሠረግ ዳሱ ያለ መሰንቆ አይሞቅም። ሽማግሌውም ጎልማሳውም አዝማሪው ስሙን ጠርቶ ባወደሰው ጊዜ ደስ ይለዋል፤ ተነሥቶም ገንዘቡን በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ነገር ግን ያ ሸላሚ በማግሥቱ አዝማሪው ስለ ልጁ ጋብቻ ሽማግሌ ቢልክበት ዘር ቈጥሮ ይመልሰዋል። በሌላው ወገን ደግሞ በዐቢይ ጾም የበገና ድምፅ በራዲዮ በተሰማ ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ደርዳሪውንም የዳዊት ወራሽ ነው ይለዋል። ደርዳሪው በምን እንደሚተዳደር ግን የሚጠይቅ አይገኝም። እንግዲህ ከሁለቱ ባለ አውታሮች አንደኛው እንጀራ አለው፥ ክብር የለውም፤ ሁለተኛው ክብር አለው፥ እንጀራ የለውም።

ይህን ነገር ለመመርመር ከመጋቤ ስብሐት አለሙ አጋ ሥራ የተሻለ መነሻ አይገኝም። በፈረንሳይ አገር ኢትዮፒክ ተብሎ በሚታወቀው ተከታታይ ውስጥ 11ኛው ክፍል የእርሳቸው ሲሆን፥ ስሙም የንጉሥ ዳዊት በገና ይባላል። (ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ይገባል። በግዕዙ መዝሙረ ዳዊት መሰንቆ የተባለው ግሪኮች ኪታራ የሚሉት፥ አውታሩ ብዙ የሆነና በጣት የሚመታ ዕቃ ነው እንጂ፥ ዛሬ አዝማሪ የሚይዘው በአንድ የፈረስ ጭራ አውታር በደጋን የሚገዘገዘው አይደለም። ስሙ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ዞረ፤ ክብሩ ግን አብሮ አልዞረም። አዝማሪ የሚለውም ቃል ዘመረ ከሚለው ግስ ወጥቶ ሳለ፥ መዘምር በቤተ መቅደስ ሲቆም አዝማሪ በደጅ ቀረ። ሰዋስው ያስተማራቸው ሰዎች የሁለቱን ስም አንድ ሥር እያወቁ አንዱን መናቃቸው የሚያስደንቅ ነው።

በገናው ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፥ ገበቴው ከእንጨት ተፈልፍሎ በቆዳ የተለበደ፥ አሥሩም አውታሮቹ ከበግ አንጀት የተፈተሉ ናቸው። ደርዳሪው ሁሉንም አይመታም፤ ስድስቱ ድምፅ ሲሰጡ የቀሩት አብዛኛውን ጊዜ የጣት ማሳረፊያ ናቸው። በብርኩማውና በአውታሩ መካከል የሚገባው ቍራጭ ቆዳ፥ እንዝራ የሚሉት፥ ያን ንብ እንደ ሰፈረበት ቀፎ የሚያስተጋባውን ድምፅ ያወጣል። ከዚህ የተነሣ አንዱ አውታር ከተመታ በኋላ ድምፁ ቶሎ አይሞትም፤ ደርዳሪውም ሊቸኩል አይችልም። የበገና ዝግታ ከሐዘን ብቻ የመጣ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል፤ ዕቃው ራሱ እንዲቸኩሉ አይፈቅድም።

አለሙ አጋ በ1950 በእንጦጦ ተወለዱ። የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ ታላቁ የበገና መምህር አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በቅርብ ባለ ትምህርት ቤት ሊያስተምሩ ወደ ሰፈራቸው መጡ፤ ልጁም የመምህሩን በገና ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፥ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት እየተሸከመ ተማረ። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ዕቃ ተሸክሞ ከደብር ደብር ሲከተል ያየ ሰው ይህን ዐይነቱን ትምህርት ያውቀዋል። በ1972 በዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ትምህርታቸውን ፈጸሙ፤ በዚያው ዓመት ሲንቲያ ኪምበርሊን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ድምፃቸውን ለዩኔስኮ ቀዳች። ከዚያም በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት አስተማሩ። ነገር ግን በ1974 የተነሣው ደርግ መንፈሳዊውን በገና ከራዲዮ አስወጣ፤ እርሳቸውም በ1980 ማስተማራቸውን ትተው በሱቅ ንግድ ይተዳደሩ ጀመር። በዓለም የታወቀው ባለሙያ እንጀራውን ከሚዛን እንጂ ከአውታር አልበላም።

በዚህ ስፍራ የስፔኑን ተወላጅ ፓብሎ ካሳልስን ማንሣት ይጠቅማል። ካሳልስ (1876–1973) ቼሎ የሚባለውን ባለ አራት አውታር ዕቃ የሚመታ ነበረ። በ13 ዓመቱ በባርሴሎና በአንድ ሱቅ ውስጥ ባኽ ለብቻው ቼሎ የደረሳቸውን ስድስት ድርሰቶች አገኘና ለሰው ሳያሰማ 12 ዓመት ያህል ለብቻው አጠናቸው፤ ሁሉንም የቀዳቸው ከ1936 እስከ 1939 ድረስ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም መንግሥታት የፍራንኮን አገዛዝ ስለ ታገሡ በአደባባይ መጫወቱን ተወ፤ እንደገናም ደጋኑን በጉባኤ ያነሣው በ1950 ነው። ካሳልስ ዝምታውን መረጠ፥ በአለሙ አጋ ላይ ግን ዝምታው ታዘዘ፤ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ቢሆንም በሁለቱም ዘንድ ለብቻ ተቀምጦ ያለ ሰሚ መምታት እጅን እንዴት እንደሚያበስል ይሰማል። በ1994 የተቀዳው የበገናው ድምፅ ሰው ደስ ላሰኝ ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ አይጥርም።

ነቀፌታም አለው። ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ አካሄድ ስለሚሄድ በአንድ መቀመጫ የሚሰማው ሰው ይደክማል፤ በገና በእልፍኝ አንድ ሁለት መዝሙር ተደርድሮ የሚቆም ነበረና ለአንድ ሰዓት አልተሰናዳም። ድምፁም በሹክሹክታ ዝቅ በሚልበት ስፍራ ቃሉ በእንዝራው ጩኸት ውስጥ ይጠፋል። ሰምና ወርቅ የሚፈልግ ጆሮ ቃሉን ካጣ የቀረው ጣዕም ብቻ ነው። ሆኖም መቅረጫው ለበገና አንድ ታላቅ ነገር አድርጎለታል፤ ደርዳሪው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፥ በዝግ ቤት እንዳለ፥ ሺህ ሰው ይሰማዋል።

ስለ እንጀራው ነገር አውሮጳውያንም ቢሆኑ ከጥንት ጀምሮ ክብር አልነበራቸውም። አራት ባለ አውታሮች የሚጫወቱትን የእልፍኝ ሙዚቃ ያደረጀው ሃይድን በ1761 በኤስተርሃዚ መስፍን ቤት ሲቀጠር በውሉ መሠረት የቤቱን አሽከር ልብስ እንዲለብስ ግዴታ ነበረበት። ይህ በመሳፍንት ቤት ከነበረው አዝማሪ በምን ይለያል? የለየው በኋላ የመጣው ነው፤ ድርሰቱ ታተመ፥ ሕዝብም ገንዘብ ከፍሎ በአዳራሽ ይሰማ ጀመር፥ በ1791 ለንደን በገባ ጊዜም ሃይድን እንደ ጌታ ተቀበሉት። በኢትዮጵያ ግን የ1974ቱ አብዮት የዋግሹሞችንም የሌሎቹንም መሳፍንት ደጅ ሲዘጋ፥ አዝማሪው ጌታውን አጥቶ በጌታው ምትክ የተገኘለት መሸታ ቤት ነው።

መድረክ ጨርሶ አልተሞከረም ማለት አይደለም። በ1963 ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የሚባለውን ማኅበር አቋቁሞ መሰንቆን፥ ክራርን፥ በገናንና ዋሽንትን በአንድ ላይ አስቀመጠ፤ ከ1966 ጀምሮም ተስፋዬ ለማ መራው። የመሰንቆው ሊቅ ጌታመሳይ አበበ ከዚህ ማኅበር ወገን ነበሩ፤ ቻርልስ ሰተን የሚባል አሜሪካዊ ወጣትም መሰንቆን ከእርሳቸው ተምሮ፥ በ1969 ማኅበርተኞቹ ወደ አሜሪካ በተሻገሩ ጊዜ አብሮ ተጫወተ። አዝማሪ በስሙ ተጠርቶ በመድረክ መቀመጡ የዚህ ማኅበር ትልቅ ሥራ ነው። ጉድለቱ ግን መቃኛው ላይ ነው። መሰንቆ የሚቃኘው በባለቤቱ ጉሮሮ ልክ ነበረ፤ ከሌላው ጋራ በአንድ ልክ ሲታሰር ያ ከቃል ጋራ የሚንሸራተተው ጣት ይታሰራል። በገናውም ከዋሽንትና ከክራር መካከል ሲገባ አይሰማም። በሃይድን አራት አውታሮች እያንዳንዱ የራሱን ነገር ይናገራል፤ በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ ሁሉም አንዱን ዜማ በየጌጡ ይከተላል። ይህ በማኅሌት ለለመደ ጆሮ ነውር አይደለም፤ ወረብም እንዲሁ ነው። ነገር ግን የበገና ስፍራ በዚያ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ሊቃውንት ሊያስቡት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የቅኔ ሕግ ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን ይላል፤ ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መድገም አያስመሰግንም። አዝማሪም በዳስ ውስጥ ሰው ግጥም ሲቀበልለትና ሲሰጠው በዚያው ቅጽበት ይቀኛል። በአውሮጳም ብቸኛው ባለ ቫዮሊን በድርሰቱ መካከል በራሱ ፈጠራ የሚጫወትበት ስፍራ ይተውለት ነበረ። ብራምስ በ1879 መጀመሪያ በተሰማው የቫዮሊን ድርሰቱ ያን ስፍራ ለወዳጁ ለዮአኪም ተወለት፤ የዮአኪምም ፈጠራ ተጽፎ ቀረና ዛሬ ብዙዎች እርሱኑ ይደግማሉ። እነርሱ የጣሉትን ልማድ የዋግ አዝማሪ እስከ ዛሬ ይዞታል። በ1937 ግራዚያኒ ከጠንቋዮች ጋራ አዝማሪዎችም እንዲገደሉ ማዘዙ፥ በአንዲት አውታር ላይ በቅጽበት የሚወለድ ቃል ምን ያህል እንዳስፈራው ያሳያል።

ዛሬ ከሰቆጣ ተነሥቶ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ አዲስ አበባ የሚደርስ የአዝማሪ ልጅ፥ አሸናፊ ከበደ የመጀመሪያው ዲሬክተር በሆኑበት በያሬድ ትምህርት ቤት ቢገባ፥ መሰንቆውን ከቫዮሊንና ከቼሎ ጐን ያገኘዋል። በዚያ ኖታ ይማራል፥ ምስክር ወረቀትም ይቀበላል። የአባቱን ግጥም የሚያስተምር ክፍል ግን ከወረቀት ሊገኝ አይችልም፤ እርሱ የሚገኘው በዳስ፥ በተዝካር፥ በኽምጣንጋ ከሚነጋገሩት ሽማግሎች ዘንድ ነው። ቅኔ ቤቶች ደግሞ ከዚያ ዳስ ብዙ አይርቁም። የሰም አገባቡን፥ የወርቁን አወጣጥ ለአዝማሪ ልጅ የሚያስተምር መምህር ቢነሣ ከሥርዐት የሚቃወመው የለም፤ የሚቃወመው የቈየው ንቀት ነው። አለቃ ተሰማ በገናቸውን ለማሸከም ልጁን የማን ልጅ ነህ ብለው ዘር አልቈጠሩበትም።