ትርፍ ጊዜዎን በምን ያሳልፋሉ?

በሬዲዮም ይሁን በቴሌቪዥን፣ በጋዜጣም ይሁን በመጽሔት፣ እንግዳ ሆኖ የቀረበ ሰው የማያመልጠው ጥያቄ አለ። «ትርፍ ጊዜዎን በምን ያሳልፋሉ?» የሚለው። መልሱም እንደ ዳዊት የተደገመ ነው፤ «በማንበብ!» ጠያቂው ይቀጥላል፤ «ከመጻሕፍት የትኛውን ይወዳሉ?» «ፍቅር እስከ መቃብርን!» ከዚያ ሙዚቃ ይገባል። እንግዳውም ተገላገለ፣ ጠያቂውም ተገላገለ፣ አድማጩም ወደ ሽሮው ተመለሰ።

እኔ ከዚህ ጥያቄና መልስ ጋር ጠብ አለኝ። ጠቡ የሚጀምረው ከስሙ ነው። «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ስንል ምን ማለታችን ነው? «ትርፍ» ማለት ከዋናው የተረፈ ነው። «ማሳለፊያ» ደግሞ ቶሎ እንዲሄድልን የምንፈልገው እንግዳ መሸኛ ይመስላል። ሰው በሚወደው ነገር ላይ የሚያጠፋው ሰዓት እንዴት ትራፊ ይሆናል? ማታ ልጆች ሲተኙ አንድ ምዕራፍ የሚያነብ ሰው፣ እሑድ ጠዋት በአሮጌ የዘይት ጣሳ የተከላትን ጤና አዳም የሚኮተኩት ሰው፣ ደጃፉ ላይ ዳማ የሚጫወት ጡረተኛ፣ እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን የሚያገኙት በዚያች ሰዓት ነው። ትርፉስ ሌላው ነው!

ሁለተኛው ጠብ ከመልሱ ጋር ነው። እንዲያው አደራችሁን፣ ፍቅር እስከ መቃብርን ጠላ እንዳትሉኝ። ይህን መጽሐፍ ለዓመታት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ስድስት አሥርት ዓመታት ያህል አልፎታል፤ አሁንም የሚነካው የለም ቢባል አልከራከርም። የሚያሳስበኝ መወደዱ አይደለም። እንዴት እንደተወደደ የሚነግረን ሰው መጥፋቱ ነው። «ለምን ወደዱት?» ብላችሁ ጠይቁ እስቲ። «የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር በጣም ልብ ይነካል» ይላችኋል። ይህን ለማለት መጽሐፉን ማንበብ አያስፈልግም። ርዕሱ ላይ ተጽፏል።

በእውነት ያነበበው ሰው በሌላ ይታወቃል። ስለ ቦጋለ መብራቱና ስለ ውድነሽ በጣሙ ያነሳል። ከ500 ገጽ በላይ ያለው ይህ መጽሐፍ የሚጀምረው ከሁለቱ ፍቅረኞች አይደለም፤ ማንኩሳ ላይ ከበዛብህ እናትና አባት ነው። እናቲቱ ስለ ልጇ ሕይወት ብላ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችው ስለት የታሪኩን ሁሉ ገመድ ይዞ ይሄዳል። ሌላም አለ። በዚያ ልቦለድ ፍቅሩ ራሱ የተወለደው ከትምህርት ነው። በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለን ሊያስተምር ነው። አንድ ሰው የሚያውቀውን ለሌላ ሰው ማካፈሉ የጌታና የሎሌን አጥር ሲያፈርስ የምናይበት መጽሐፍ እኮ ነው! ታዲያ ከሁሉም መጽሐፍ ይልቅ ይህን መጽሐፍ ያለ አንዳች ማካፈል «እወደዋለሁ» ብሎ ማለፍ አያሳዝንም?

ክፍል ውስጥ በነበርኩበት ዘመን ለአዲስ ተማሪዎች የመጀመሪያ ሥራ አድርጌ የምሰጣቸው ነገር ነበር፤ የምትወዱትን መጽሐፍና ለምን እንደምትወዱት በግማሽ ገጽ ጻፉ። አብዛኞቹ ምን እንደሚጽፉ ታውቁታላችሁ። የአንዲት ልጅ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አይጠፋም። ርዕሱ ላይ ፍቅር እስከ መቃብር ብላለች። ከሥሩ ግን በእርሳስ ተጽፎ በላጲስ የጠፋ ሌላ ርዕስ አለ፤ ወረቀቱን ወደ መስኮት ሳዞረው «ሰመመን» ይላል። የሲሳይ ንጉሡን የዩኒቨርሲቲ ፍቅር ልቦለድ ነበር በልቧ የያዘችው። ግማሽ ገጿ ሰው ሁሉ የሚለውን የሚል ደረቅ ነገር ነው። ያጠፋችውን ብትጽፈው ኖሮ ምን ትለን ነበር? ምናልባት እኔ አስተማሪዋ የማላውቀውን። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ለወጥኩት። «ማንም እንዲያውቅባችሁ የማትፈልጉትን፣ ግን ሁለት ጊዜ ያነበባችሁትን መጽሐፍ ጻፉ» አልኳቸው። ምን ልበላችሁ፣ የሲድኒ ሼልደን ትርጉም በየዓይነቱ መጣ! ጽሑፉ ግን ነፍስ ዘራ። አንዱ የት ላይ እንደሰለቸው ጻፈ፤ አንዷ ከየትኛው ገጽ በኋላ ባለታሪኳን እንደጠላቻት ጻፈች። ሒስ ማለት ይኸው ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

እንግዲህ የእኛ የአደባባይ ሒስ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የት ነው ያለው? አዲስ መጽሐፍ አንሡና የጀርባውን ሽፋን ገልብጡ። «በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ»፣ «ካነሡት የማያስቀምጡት»፣ «ሊነበብ የሚገባው»። ጎበዝ፣ አራት መቶ ገጽ በአንድ ትንፋሽ የሚያነብ ሰው ሐኪም ቤት ነው መሄድ ያለበት! ወደ ምረቃው አዳራሽ ስትገቡ ደግሞ ተናጋሪዎቹ በየተራ ይነሡና ደራሲውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያመሰግኑታል። መጽሐፉን አንብቦ የመጣ ቢኖር እንኳ የሠርግ ቤት ውስጥ የሙሽራይቱን ጉድለት እንደማንሳት ስለሚሆንበት ዝም ይላል። አንባቢው ገንዘቡን ከፍሎ ቤቱ ይገባል፣ ሠላሳ ገጽ ያነባል፣ ይተወዋል። ቀጥሎ የሚታዘነው በማን ይመስላችኋል? በጸሐፊው ብቻ አይደለም፤ በመከረው ሰው ሁሉ ነው። «አንባቢ የለም» እያልን ስናለቅስ፣ አንባቢው ምክራችንን ማመን ስላቆመ ሊሆን እንደሚችል አናስብም።

ደግሞ ሁሉም ጨለማ ነው አልልም። እነ ሚዩዚክ ሜይዴይ በወመዘክር አዳራሽ ያካሂዷቸው የነበሩትን የመጽሐፍ ውይይቶች የተከታተለ ሰው፣ አንባቢ እጁን አውጥቶ «ይሄ አልጣመኝም» ሲል ሰምቷል። ሰማዩ አልወደቀም።

ከአደባባዩ ወጥተን ወደ ጓዳ ብንገባ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት እናገኛለን። እስቲ ዳንቴል የሚሠሩ ሴቶችን አስቧቸው። በልጅነቴ የሰፈራችን ቴሌቪዥን ሁሉ፣ ሬዲዮ ሁሉ፣ የሶፋ ጀርባ ሁሉ ዳንቴል ለብሶ ነበር። አንዷ አዲስ ሞዴል ስታገኝ ለጎረቤቷ ታውሳለች። ስታውሳት ግን «እጅግ ድንቅ ዳንቴል ነው፣ ሊሠራ ይገባዋል» አትላትም። «እዚህ ጋ ስትደርሺ ቁጠሪ፤ እኔ ተሳስቼ ሦስት ጊዜ ፈትቼዋለሁ። ክሩ ቀጭን ካልሆነ አያምርም። ይሄኛው አበባ ለእኔ አልጣመኝም፣ አንቺ በሌላ ለውጪው» ነው የምትላት። የወደደችውን ነገር ከነችግሩ ታስረክባታለች። ተቀባይዋም ሠርታ ስትጨርስ የራሷን ጨምራበት ለሦስተኛዋ ታሳልፋለች። እኔ በሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ለማስተማር የለፋሁበትን ነገር እነዚህ ሴቶች ቡና እየጠጡ ያደርጉት ነበር።

ከእነርሱ አንዷ፣ እትዬ እያልን የምንጠራት ጎረቤታችን፣ ማንበብ አትችልም። ፍቅር እስከ መቃብርን ግን ታውቀዋለች። እንዴት? በወጋየሁ ንጋቱ። የዚያ ዘመን ሰው ያስታውሳል፤ ታላቁ ተዋናይ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ልቦለዱን ሲተርከው ሰፈር ጸጥ ይል ነበር። ልብ በሉ፣ ወጋየሁ «ይህ መጽሐፍ ታላቅ ነው» ብሎ አልሰበከንም። ለፊታውራሪው የፊታውራሪ ድምፅ፣ ለጉዱ ካሳ የጉዱ ካሳ ድምፅ ሰጥቶ አነበበልን። መጽሐፍ ማካፈል ማለት በእጅ ያለውን ቆርሶ መስጠት ነው፤ ስለ ዳቦው ማውራት አይደለም። እትዬም ኪሮሿን እያንቀሳቀሰች ትሰማና ትፈርድ ነበር። ሰው ሁሉ ፊታውራሪ መሸሻን ሲራገም እሷ ግን፣ ልጁን ገና ሳያድግ በስለት ያሰረችው እናቱ ናት፣ ፊታውራሪ በኋላ ነው የመጣው ትል ነበር። ስለዚያ ልቦለድ ብዙ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ከዚህ የሚሻል ጥያቄ ያነሣ ጥቂት ነው።

ሌላው የማይረሳኝ ትምህርት ቤት የመጽሐፍ አከራይ ሱቅ ነው። መያዣ ከፍላችሁ፣ በቀን ሒሳብ ተከራይታችሁ፣ ቅዳሜ ስትመልሱ ሌላ የምትወስዱበት። የእነዚያ መጻሕፍት ኅዳግ የሕዝብ አደባባይ ነበር። ከእኔ በፊት የተከራየ የማላውቀው ሰው በእርሳስ ይስቃል፣ ይሳደባል፣ ያስጠነቅቃል። አንዱ በዛብህን በዚያ መንገድ እንዳይሄድ ለምኖታል። ሌላው ከሥሩ፣ አይሰማህም፣ እኔም ባለፈው ለምኜው ነበር ብሎ መልሶለታል። ስም የለ፣ ክፍያ የለ፣ ምረቃ የለ። ባለሱቁ መጽሐፌን አበላሻችሁብኝ እያለ ይጮህ ነበር፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን ከአንዳንዱ ልቦለድ ይልቅ ኅዳጉን ለማንበብ ስል የተከራየሁበት ቀን አለ።

መጽሐፍ ማካፈል ዋጋ ያስከፍል የነበረበትንም ዘመን እናውቃለን። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያን ጊዜ ያንን መጽሐፍ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለጓደኛው የሚያቀብል ሰው «በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ ነው» አይልም። መስጠቱ ራሱ አምኜሃለሁ ማለት ነው። ዛሬ «ኦሮማይ» በግልጽ ይሸጣል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል። ያ መጽሐፍ ክፉውን ዘመን እንዲሻገር የረዱት ሒስ የጻፉለት ምሁራን ብቻ አይደሉም። ከፍራሽ ሥር ያስቀመጡት፣ ከእጅ ወደ እጅ ያሳለፉት ተራ አንባቢዎች ጭምር ናቸው። እነርሱ ያን ያህል አደጋ እያለባቸው ካካፈሉ፣ እኛ ዛሬ አንድ እውነተኛ ዐረፍተ ነገር ለመናገር ምን ያስፈራናል?

የሚያስፈራን ይመስለኛል፣ «ሙያ በልብ ነው» የሚለው አባባል ነው። ደግ አባባል ነው፤ ጉራን ይገታል። ግን ሌላ ሥራም ሠርቶብናል። መድኃኒት አዋቂው ቅጠሉን ሳይናገር ሞተ። ጠጅ ጣዩዋ እጇን ይዛ ሄደች። አንባቢውም የሠላሳ ዓመት ንባቡን በልቡ እንደያዘ ይሄዳል፤ መጻሕፍቱን ልጆቹ በኪሎ ይሸጡታል፣ ከውስጣቸው ምን እንዳገኘ ግን ማንም አያውቅም። በሌላ በኩል ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለናል። እኔ የሁለቱ መካከል ይሻለኛል፤ ለሹመት ሳይሆን እንዲቀር የማንፈልገውን ለማቆየት መናገር።

ይህን ለማድረግ ሐያሲ መሆን አያስፈልግም። ዕውቀት ጠል ሆኜ አይደለም፤ ሒስ ትምህርት ነው፣ እንጀራዬም ነበር። ግን ንድፈ ሐሳቡ የሚቆመው ሐቀኛ አንባቢ ባለበት መሬት ላይ ነው። መሬቱ ደግሞ የሚገኘው በዕለት ተዕለት ኑሯችን ውስጥ ነው። የምታነቡትን ከምትኮተኩቱት፣ ከምትጠግኑት፣ ከምትጠልፉት ነገር አትለዩት። ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥም ሰው ስለ ልቦለድ አወቃቀር የሚነግረን አለ። አበባ የሚተክል ሰው፣ የደራሲው የአትክልት ቦታ ውስጥ በበጋ የሚያብበው በክረምት አብቦ እንደሆነ ይይዘዋል። ያን ይንገረን።

ስለዚህ ወዳጄ፣ የሚቀጥለውን መጽሐፍ ለሰው ስታውስ አንዲት ቁራጭ ወረቀት መሐሉ ክተትበት። ሦስት ነገር ጻፍ፤ የት ላይ እንደሰለቸህ፣ በምን እንዳልተስማማህ፣ የትኛውን ገጽ ተመልሰህ እንዳነበብከው። «ሊነበብ የሚገባው» የምትለዋን ቃል አትጻፍ፤ መጽሐፉን ማዋስህ ይናገራታል። ወሳጁም ሲመልስ የራሱን ከሥሩ ይጨምር። መጽሐፉን ባይመልስልህ እንኳ ወረቀቷን አስመልስ።