የማያዳላ ብዕር ይገኛልን?

ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከወገኑ፣ ከጥቅሙና ከስሜቱ ፈጽሞ ተለይቶ ነገሩን እንደ ነበረ ብቻ ለማቅረብ ይችላልን? ይህን ጥያቄ በአማርኛ ጽሑፍ አጥብቀው ካነሡት ሊቃውንት አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለውና እ.ኤ.አ. በ1912 አሥመራ ላይ በታተመው ድርሰታቸው፣ ታሪክ ጸሐፊ አስተዋይ ልቡና፣ አድልዎ የሌለበት ፍርድና የጠራ ቋንቋ እንደሚያስፈልገው ካስረዱ በኋላ፣ የአገራችን ጸሐፊዎች በሦስቱም የጐደሉ መሆናቸውን ይወቅሳሉ። ወቀሳው ተገቢ ነው። ነገር ግን ማስተዋልም ሆነ የቋንቋ ጥራት በትምህርትና በልምምድ ሲዳብር፣ አለማዳላት በዚሁ መንገድ የሚገኝ መሆኑን እንጠራጠራለን። እርሳቸው ራሳቸው ያን ድርሰት የጻፉት ዳር ቆሞ ለመመልከት ብቻ አልነበረም፤ ለልጅ ኢያሱ መንግሥት ይበጃል ያሉትን ምክር አያይዘው አቅርበዋል። ምክር የሚሰጥ ሰው ደግሞ የሚመኘው ነገር አለው።

ጉዳዩን ለመመርመር ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የተሻለ ስፍራ አናገኝም። ቀደም ሲል የነገሥታት ዜና የሚጻፈው በግእዝ ሲሆን፣ ስለ እኒህ ንጉሥ ግን በአማርኛ የተጻፉ ሦስት ዜና መዋዕሎች ደርሰውናል። አንደኛው የደብተራ ዘነብ፣ ሁለተኛው የአለቃ ወልደ ማርያም፣ ሦስተኛው ስሙን ያልገለጸ ጸሐፊ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ጀርመናዊው ሊትማን፣ ሁለተኛውን ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ፣ ሦስተኛውን ጣሊያናዊው ፉሴላ በየተራ አሳትመዋቸዋል። (የራሳችን ዜና መዋዕል መጀመሪያ በባዕድ ማተሚያ ቤት መታየቱ ለብቻው የሚያነጋግር ጉዳይ ነው፤ ለዛሬው እንተወው።)

ዘነብ ንጉሡን ያደንቃሉ፤ ወልደ ማርያም ይከሳሉ። ብዙ አንባቢ ይህን ሲያይ፣ አንዱ ዋሽቷል ብሎ ይደመድማል። እኛ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመን ሌላ ነገር ነው። የዘነብ ዜና ከንጉሡ ዘመን እኩሌታ ሳያልፍ ይቆማል። ንጉሡ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ እናያለን፤ ጐንደር በ1859 ዓ.ም. ስትቃጠል ግን አናይም። ስለዚህ አድናቂው አንድም ቃል ሳይዋሽ የሚያስደስት ንጉሥ ሊያሳየን ይችላል፤ የሚያስፈልገው ብዕሩን በጊዜ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ወልደ ማርያም በበኩላቸው የጻፉት ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ነው። ፍጻሜውን ያወቀ ሰው መጀመሪያውን በፍጻሜው ዐይን ይመለከታል፤ የጐንደር ጢስ በደረስጌው ዘውድ ላይ ሳይቀር ይታየዋል።

ንጉሡ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለገባር ይሁን ማለታቸው የታወቀ ነው። ሁለትና ሦስት የሚለው ቁጥር የሚያከራክር አይደለም። ነገር ግን ለካህኑ ይህ ዘረፋ ነው፤ ለወታደሩ ቀለብ ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለዚያው ስለ አንዱ መሬት ነው።

ባዕድስ አያዳላም የሚሉ አሉ። ራሳምና ሐኪሙ ብላንክ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት አሳትመዋል፤ ሁለቱም ግን መቅደላ ላይ በእግር ብረት የቆዩ እስረኞች ነበሩ። እግሩ የታሰረ ሰው ስለ አሳሪው የሚጽፈውን ያለ አድልዎ ነው ብለን የምንቀበለው ስለ ምንድን ነው?

እንዲህ ከሆነ ሁሉም ወሬ ነው፣ እውነት የሚባል የለም ወደ ማለት እንዳንደርስ ግን እንጠንቀቅ። ይህ አስተሳሰብ ዛሬ በተማሪዎች ዘንድ እንደ ሊቅነት ሲቆጠር እንሰማለን፤ እኛ ስንፍና ነው እንላለን። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ እንዴት እንደ ሞቱ እንመልከት። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት ባሕር ተሻግሮ የመጣው እርሳቸውን ለመቅጣት ነበር። ጠላታችንን በጥይታችን ጣልነው ቢል ክብሩ በጨመረ ነበር። ዳሩ ግን እንግሊዞች ራሳቸው የጻፉት፣ ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው መሞታቸውን ነው። ጥቅሙ ወዲያ እየሳበው ቃሉ ወዲህ የመጣ ምስክር እንዲህ ያለው ነው፤ ይህን ዐይነቱን ቃል ሊያናውጥ የሚችል ጥርጣሬ አላገኘንም። ጸሐፊው የሚቆምበት ስፍራ ስለሌለው አይደለም፤ ነገሩ ከቆመበት ስፍራ በላይ ስለ በረታበት ነው።

በምንኖርበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ የወሰን ክርክር ሲነሣ፣ ቀያሽ መጥቶ ቦታውን ይለካል። የካሬ ሜትሩ ቁጥር ከሳሽ ቢለካው፣ ተከሳሽ ቢለካው አይለወጥም። አጥሩ ቀድሞ በየት በኩል ነበር የሚለውን ግን መሣሪያው አይመልስም፤ ጎረቤት ተጠርቶ ይመሰክራል፤ ጎረቤት ደግሞ የሚወደውና የሚቀየመው አለው። ታሪክ ጸሐፊ የቀያሽም የጎረቤትም ሥራ አለበት። ችግር የሚመጣው የጎረቤትነቱን ቃል በቀያሽ ቋንቋ ሲነግረን ነው።

ይህ የቋንቋ ነገር እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን በቅርብ ይነካናል። ቃለ ጉባኤ ስንይዝ «ተነሣ፣ ተብራራ፣ ታመነበት፣ ተወሰነ» እያልን እንጽፋለን። ማን አነሣው? ማን አመነበት? ማን ዝም አለ? ዐሥር ሰዎች ሦስት ሰዓት የተከራከሩበት ጉዳይ በግማሽ ገጽ ሲያልቅ፣ የሚቀረውንና የሚጣለውን የመረጠ አንድ ብዕር አለ፤ ግሱ ግን የጻፈውን ሰው ከገጹ ላይ ያጠፋዋል። ከሩቅ ሲያዩት አድልዎ የሌለበት ይመስላል። እኛ ከእንዲህ ያለው ጽሑፍ ይልቅ፣ አድናቆታቸውን ያልሸሸጉትን ደብተራ ዘነብን እናምናለን፤ ከቃላቸው ምን ያህሉን መቀነስ እንዳለብን እናውቃለንና።

የዘመናችን ደራስያን መንገድ ሌላ ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን ሲያሳትሙ፣ ልብ ወለድ መሆኑን ሳይደብቁ ንጉሡን ለአንድነት የተጋ ባለ ራእይ አድርገው ሥለዋል። በዚህ ልንወቅሳቸው አይገባም፤ ደራሲ የመውደድ መብት አለው። የምንወቅሰው ልብ ወለዱን አንብቦ ዜና መዋዕሉን ያነበበ የሚመስለውን አንባቢ ነው። ብዙ ወጣቶች ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋለ ስሜት ይከራከራሉ፤ ወልደ ማርያም የሚባል ጸሐፊ መኖሩን ስንነግራቸው ግን ይደነቃሉ።

ስለዚህ የታሪክና የአማርኛ መምህራንን አንድ ነገር እንለምናለን። ስለ አንዱ ነገር ከዘነብ አንድ ገጽ፣ ከወልደ ማርያም አንድ ገጽ፣ ከራሳምም አንድ ገጽ ተርጉመው ለተማሪው በአንድነት ይስጡት። ማን ትክክል ነው ብለው ግን አይጠይቁት። ሦስቱም የተስማሙበትን ነገር በአንድ በኩል፣ የተለያዩበትን በሌላ በኩል ጽፎ፣ እያንዳንዱ ጸሐፊ የት ቆሞ እንደ ተመለከተ ያመልክት። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይህ ይበቃል።