ግማሿ ቅርጽ

የጦርነት መታሰቢያ ሲባል ቀድሞ ይታየኝ የነበረው ሰይፍ የመዘዘ ፈረሰኛ ነው። ይህን ያስረሳኝ ሩማንያዊው ቀራፂ ኮንስታንቲን ብራንኩሺ ነው። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ለወደቁት በቱርጉ ዢዩ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1938 ባጠናቀቀው ሥራ ውስጥ ፈረሰኛም፣ ሰይፍም የለም።

በዢዩ ወንዝ አቅራቢያ ክብ የድንጋይ ገበታ አኖረ፤ ዙሪያውን 12 መቀመጫ። «የዝምታ ገበታ» ይባላል። ለእኔ ልጁ ያልተመለሰለት ቤት ማዕድ ነው። ከዚያ «የመሳሳም በር»ን አልፎ ከተማዋን የሚያቋርጠው መንገድ ወደ «ማለቂያ የሌለው ዓምድ» ያደርሳል፤ 29 ሜትር ከፍታ፣ በናስ የተለበጠ ብረት። አንድ ዓይነት ቅርጽ እየተደራረበ ይወጣል፤ የመጨረሻዋ ግን ግማሽ ናት። ከሁሉ የምወዳት እሷን ነው፤ ዓይን ቀሪዋን ሰማይ ላይ ይፈልጋል። የእንጨት ምሰሶ በውብ ቅርጽ በሚጠረብበት ገጠር ያደገው የብራንኩሺ እጅ በዓምዱ ላይ ይታወቃል።

ለድካሙ ክፍያ አልተቀበለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓምዱን በትራክተር ጎትቶ ለመጣል ተሞከረ፤ አልወደቀም። ወድቆ ቢሆን ኖሮ የመንገዱ ጫፍ ባዶ በቀረ፤ ከገበታው የተነሳው ሐዘንም ወደ ላይ የሚወጣበት ባጣ።