ኔኤማ፣ ነዒማ፣ ኑኃሚን

ለገሃር ስሙን ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ከባቡር ጣቢያው ወስዶ የራሱ ያደረገ ሰፈር ነው። ስም ሲጓዝ ማየት የሚወድ ሰው እዚህ ሲቆም የስዋሂሊዋ ኔኤማ ትታወሰዋለች። ኔኤማ ማለት ጸጋ፣ በረከት ነው። የተገኘችው ከዐረብኛው «ኒዕማ» ነው፤ በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ዛንዚባርና ሞምባሳ ደርሳ ዛሬ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለሴት ልጁ ያወጣታል። ስዋሂሊ የዐይንን የጉሮሮ ድምፅ ጥሎታል፤ አማርኛም እንዲሁ፣ ፊደሉን ግን እኛ እስከ ዛሬ አኑረነዋል፦ ከዚያው የዐረብኛ ሥር የወጣችውን እህቷን ነዒማ ብለን እንጽፋለን።

እኔን የሚማርከኝ የእነዚህ ስሞች ዝምድና ነው። ለገሃር ታክሲ ተራ ላይ ነዒማ ተብላ ስትጠራ ዘወር የምትል ልጅና አጠገቧ የቆመች ኑኃሚን በስም እህትማማች ናቸው። የዕብራይስጧ ኑኃሚን ከዚያው ሴማዊ ሥር የበቀለች፣ ደስ የምታሰኝ ማለት ናት። በመጽሐፈ ሩት ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ ስትመለስ «ማራ»፣ መራራ፣ የሚል ስም እንዲሰጧት የለመነችው፣ የቀድሞ ስሟ ከሐዘኗ ጋር አልገጥም ስላላት ነው። ይህን ያህል ስሟን የምታውቅ ሴት ታስደንቀኛለች። የእኛዋ ጸጋ በሥር ባትዛመዳቸውም በትርጉም የኔኤማ ሞክሼ ናት።