ማረሻውን አምጣ፣ ዓይንህን አዙር

«ቀጥቃጭ» የሚለውን ቃል ስድብ ያደረግን ሰዎች ነን። ሰውዬው እኮ የሚቀጠቅጠው ብረት እንጂ ሰው አይደለም! ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ዶማው፣ ምሳሩ ከሱ እጅ ነው የሚወጣው። ገበሬው ግን ማረሻውን ተቀብሎ ዞር እንዳለ «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይላል። ጅብ የሠራውን ማረሻ ምን አምኖ በሬ ላይ እንደሚጭነው አይነግረንም።

ነገሩ ከእሳቱ የመጣ አይመስለኝም፤ ከመሬቱ ነው። ቤተ እስራኤሎችን እንውሰድ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፄ ይስሐቅ ድል ካደረጓቸው በኋላ፣ ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ ብለው እንዳዘዙ በትውፊት ይነገራል። ርስት የሌለው ሰው ምን በልቶ ይደር? ወናፍ ነፋ፣ ሸማ ሠራ፤ ሴቷም ሸክላ ሠራች። እንደምንም በልቶ ማደሩ ሲታይ ደግሞ መሬቱን የያዘው ጎረቤት «በዓይኑ ይበላናል» ማለት ጀመረ። (ማን ማንን እንደበላ ፍርዱን ለእናንተ።) በሌላው አካባቢ ታሪኩ ይለያይ ይሆናል፤ ፍራቻው ግን ያው ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከልክለዋል። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ወደ ጓዳ አስገባው እንጂ ከጋብቻ ድርድር ላይ አላነሳውም። ልጅ ሲዳር «ለመሆኑ ዘራቸው ምንድነው?» የሚል ሽማግሌ ዛሬም አይጠፋም።

አሁን ደግሞ «ቱባ ባህል» የሚባል ፈሊጥ መጥቷል። የነሐስ መስቀል እንዴት እንደሚሠራ አስቡት፦ ቅርጹ በሰም ይወጣል፣ በጭቃ ይሸፈናል፣ እሳት ላይ ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፣ በቦታው የቀለጠ ነሐስ ይገባል። መስቀሉን ለማውጣት ጭቃው መሰበር አለበት፤ ስለዚህ ያ ቅርጽ ሁለተኛ አይደገምም። ይኼን ያህል የለፋው ማነው ብላችሁ ስትጠይቁ «የአባቶቻችን ጥበብ ነው» ትባላላችሁ። ስድቡ ሲሆን የሱ የብቻው፣ ጥበቡ ሲሆን የሁላችን!

ከተማ ውስጥ በግቢ በር ላይ አንበሳና አበባ የሚያወጣው ባለብየዳ «ባለሙያ» ነው፤ ደግሞም ይገባዋል። ያም ብረት ነው፣ ይኼም ብረት፤ ያም እሳት ነው፣ ይኼም እሳት። ቡዳነት በኤሌክትሪክ አይሠራም መሰለኝ።

ጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ተወሰዱ። «እፎይ፣ ቡዳው ሄደልን» ያለ ጎረቤት ይኖር ይሆናል። ማረሻው ግን እንደ ወትሮው ይዶለዱማል፤ የሚስልለት ሰው ፍለጋም ገበያ ለገበያ ይዞራል።